ሁለት ሥራ ለጀመራችሁ፦ ሚትቦል ሳንዱች በስሎው ኩከር

አሜሪካ ገብታችሁ ሁለት ሥራ ከጀመራችሁ፣ ወጥ የመሥራት ነገር ያበቃለታል። ሽንኩርት ሲቁላላ አጠገቡ ቆሞ የሚያማስል ሰው ይፈልጋል። በዚያ ላይ የበርበሬው ጭስ ጣሪያው ላይ ያለውን ማንቂያ ያስጮኸዋል። እኔ በገባሁ በሳምንቴ አከራዬን በሌሊት ቀስቅሼ፣ ማንቂያውን በፎጣ እያራገብኩ ይቅርታ ስለምን ነበር።

ያወጣኝ ስሎው ኩከር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሸክላ ድስት በሉት። ብዙ ሰው ክሮክ ፖት ይለዋል። ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ አይጠፋም፤ ሸክላው አለመሰንጠቁን ብቻ እዩ።

ለሚትቦሉ፣ ማለትም ለተድቦለቦለው ፍጭ ስጋ፣ የሚሆነውን ስትገዙ ግራውንድ ቢፍ (የተፈጨ የበሬ ስጋ) የሚለውን ፈልጉ። 80/20 የሚል ከተጻፈበት ከመቶው 20 እጁ ስብ ነው፤ ለሚትቦል እሱ ይሻላል፣ አይደርቅም። ተድቦልቡሎ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ግን ጽሑፉን ሳታነቡ አታንሱ። ብዙ ጊዜ የአሳማ ስጋ አለበት፤ ፖርክ የሚለውን ቃል ለዩት። እግረ መንገዴን፦ የሱፐርማርኬት ፍጭ ስጋ ለጥሬ ክትፎ አይሞከርም።

2 ፓውንድ ስጋ፣ ማለትም 900 ግራም ገደማ፣ ከአንድ እንቁላል፣ ወተት ከነካ ያደረ ዳቦ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር እሹት። በትንሽ ሎሚ ልክ አድቦልቡሉት። ጊዜ ካላችሁ ኦቭን ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ቀላ አድርጉት፤ ጣዕሙ ይለያል። ከሌላችሁ ጥሬውን ክተቱት። ማሪናራ የሚባለውን የቲማቲም ሶስ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ከላዩ አፍስሱበት። እኔ አንድ ማንኪያ በርበሬ ጣል አደርጋለሁ። ጣሊያኖቹ ይቀየሙኝ።

ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ሎው (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ 6 ሰዓት፣ ወይም ሃይ (ከፍተኛው) ላይ 3 ሰዓት ተዉት። እየከፈታችሁ አትዩ! በከፈታችሁት ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። በረዶ የሆነ ጥሬ ስጋም አትክተቱበት፤ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ባክቴሪያ ይራባበታል። መብሰሉን በዓይን አትገምቱ። የምግብ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ የሚትቦሉ መሃል 160 ፋራናይት፣ በለመድነው 71 ሴንቲግሬድ፣ መድረስ አለበት።

ሆጊ የሚባለውን ረጅም ዳቦ ሰንጥቃችሁ ሦስት አራት ሚትቦል ደርድሩበት፤ ፕሮቮሎን ቺዝ ጣል አድርጋችሁ ኦቭን ውስጥ አቅልጡት። ለሥራ ከሆነ ዳቦውንና ሚትቦሉን ለየብቻ ቋጥሩ፣ አለበለዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ፍትፍት ነው የምታገኙት። የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ እስከ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ እሁድ ሠርታችሁ ሰኞና ማክሰኞ ጨርሱት።

ዶሮ ወጥ ልሥራበት የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሞክሬዋለሁ። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ሽንኩርቱ አይቁላላም፣ ይቀቀላል፤ ወጡም ውሃ ውሃ ይላል። ሽንኩርቱን ቀድማችሁ ድስት ላይ ካላቁላላችሁት አትድከሙ።

ለእናቴ ልላክላት ብላችሁም አትቸኩሉ። የዚህ አገር ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የአገር ቤቱ መብራት 220 ነው። እንዲሁ ከሰካችው ይቃጠልባታል።