ዘይት ከተቀየረለት በኋላ የሚያንጠባጥብ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት ይጠገናል?

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በራስ እጅ ተቀይሮ በማግስቱ ከመኪናው ሥር ቀይ ጠብታ ሲታይ፣ ብዙ ሰው ቁልፍ ይዞ ከሥር ይገባና ብሎኖቹን ኃይሉ እስከፈቀደለት ያጠብቃል። ችግሩን የሚያባብሰው ይኸው ነው። የካምቢዮው የታች ዘይት መያዣ በብዙ መኪኖች ላይ ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ በመሆኑ፣ ብሎኑ ከልክ ሲያልፍ የቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ ያብጣል፤ በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ጠርዝ ግን ከጓርኒሲዮኑ (በመያዣውና በካምቢዮው አካል መካከል ገብቶ ዘይት እንዳይወጣ ከሚዘጋው ስስ ንጣፍ) ይርቃል፤ ዘይቱም በዚያ ክፍተት ይወጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ዘይቱ በእርግጥ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል። ካምቢዮው ከቀዘቀዘ በኋላ መያዣውንና ከበላዩ ያለውን አካል ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ ጥቂት ነድተው ይመለሱና ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። መኪናው ሲሄድ ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው፣ መነሻው ብዙውን ጊዜ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው ነው። የላይኛው አካል ረጥቦ ከተገኘ መያዣውን መፍታት ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ ወደ ማቀዝቀዣው ከሚሄዱት ቱቦዎች፣ ወይም ከመጠን በላይ ተሞልቶ አረፋ በመሥራት ከመተንፈሻው የወጣ ሊሆን ይችላልና። የማፍሰሻው ታፖ (ክዳን) ሮንዴላ፣ ማለትም ከሥሩ የሚገባው ቀለበት፣ አሮጌ ከሆነም ያው ጠብታ ይታያል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ለሚመላለስ ሰው ደግሞ የደንገጎ ዳገት ጥሩ ፈተና ነው፤ ዘይቱ ሲግል ስለሚሰፋና ስለሚቀጥን፣ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ውስጥ ሲነዳ ደረቅ የነበረ መኪና ዳገቱን ከወጣ በኋላ ቢያንጠባጥብ አያስገርምም።

ጥፋቱ የመያዣው መሆኑ ከታወቀ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ፤ በክሪክ ካነሱት በኋላም ጠንካራ የብረት ድጋፍ ሳያስገቡ ፈጽሞ ከሥር አይግቡ። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ተቀብለው ይለኩት፤ ሲመልሱ መነሻ የሚሆነው መጠን ይኸው ስለሆነ። ዘይቱ አዲስና ንጹሕ ከሆነ በወንፊት ጨርቅ አጥልሎ መመለስ ይቻላል፤ አሸዋ ከነካው ግን መጣል አለበት። ሲጣል ደግሞ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። በጀሪካን ዘግተው አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡት።

ብሎኖቹን ሲፈቱ በአንዱ ጎን ያሉትን ለመጨረሻ ያቆዩ፤ መያዣው ቀስ ብሎ ሲያዘነብል የቀረው ዘይት ወደ ዕቃው ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ጠርዙን ቀጥ ያለ ብረት ላይ አስደግፈው ይመልከቱት። ቀዳዳዎቹ ያበጡ ከሆነ፣ ያበጠውን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ከሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ በማስቀመጥ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ያስተካክሉት። አብዛኛው ጥገና የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በጎበጠ ጠርዝ ላይ የተገጠመ አዲስ ጓርኒሲዮን ብዙ አይቆይም። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት ከሁለቱም ገጾች ያንሱ፤ የካምቢዮው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ግን በካቻቢቴ አይፋቁት፤ የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃል። በመያዣው ውስጥ ያለውን ማግኔት ጠርገው በቦታው ይመልሱ።

አዲሱን ጓርኒሲዮን ደረቁን ይግጠሙ። ለጥንቃቄ ብሎ ሲልከን መጨመር በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ጓርኒሲዮኑ ተንሸራቶ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ወደ ውስጥ የገባው ቁራጭም ፊልትሮውን ሊዘጋ ይችላል። ከፋብሪካ ያለ ጓርኒሲዮን በሲልከን ብቻ የተገጠመ መያዣ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ሲልከኑ በዕቃው ላይ በተጻፈው ሰዓት ልክ መድረቅ አለበት።

ብሎኖቹን ሁሉ አስቀድመው በእጅ ያስገቡ፤ ከዚያ ከመካከል ጀምረው በመስቀለኛ አቅጣጫ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ያጥብቁ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች ላይ የሚፈለገው ጥብቀት ከ7 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናው መመሪያ ያረጋግጡ። ልኬት የሚያሳይ ቁልፍ ከሌለ አጭር እጀታ ይጠቀሙ።

ዘይቱን በለኩት መጠን ከመለሱ በኋላ፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ፍሬን ረግጠው ማርሹን በየቦታው እያሳረፉ ያዘዋውሩ፤ ቀጥሎ መጠኑን ይለኩ። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ የሚደረገው ሞተሩ እየሠራና ዘይቱ ግሎ ሳለ ነው፤ በሆንዳ ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። የዘይቱ ዓይነትም መመሪያው የሚያዘው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ቲ-ፎር እና ደብሊው ኤስ የተባሉት የቶዮታ ዘይቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም።

ዳገቱን አንድ ጊዜ ወጥተው ዙሪያውን እንደገና ይመልከቱ። ርጥበቱ የሚታየው በአንድ ብሎን ዙሪያ ብቻ ከሆነና ብሎኑ ሳይጠብቅ የሚዞር ከሆነ፣ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀዳዳው በባለሙያ አዲስ ጥርስ እንዲገባለት ያስፈልጋል።