ፓወር ስቴሽኑ ሲጠፋ፣ ሲያልቅ፣ አልሞላ ሲል፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ድንኳን ተክሎ ለማደር ወይም መብራት ሲቋረጥ ለቤት እንዲሆነው ተንቀሳቃሽ ፓወር ስቴሽን (የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለው ትልቅ ባትሪ) የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዕቃው ብልሽት አለበት» ሲል እሰማለሁ። ጉዳዩን ሲመረምሩት ግን ችግሩ የተጀመረው በግዢው ዕለት ሆኖ ይገኛል፤ ዋትና ዋት-ሰዓት ተምታተዋል። ዋት ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ጭነት ነው፤ ዋት-ሰዓት ደግሞ በውስጡ ያጠራቀመው ስንቅ።

ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ዕቃ ሲሰኩበት ወዲያው ይጠፋል

ምክንያቱ ጭነቱ ከኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ክፍል፣ አቅም በላይ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ከ1500 ዋት በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ 300 ዋት የሚሸከም ትንሽ ፓወር ስቴሽን ራሱን ለመጠበቅ ቢያቋርጥ ትክክል ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ማቀዝቀዣ ነው። ሲሠራ 100 ዋት ብቻ የሚወስደው ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰሩ በሚነሳበት ቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የዘወትሩንም የመነሻውንም ዋት ያመዛዝኑ። ጉዞ ላይ ከሆኑ ምግብ የሚያበስሉበትን ሙቀት ከባትሪ አይጠብቁ፤ ለዚያ ጋዝ ይያዙ።

ካሰቡት ሰዓት ቀድሞ ያልቃል

500 ዋት-ሰዓት ለ60 ዋት ቴሌቪዥን ሲካፈል ከ8 ሰዓት በላይ ይመስላል። በተግባር 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ ኢንቨርተሩ ኃይሉን ሲለውጥ የተወሰነውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋልና። የተጻፈውን ቁጥር በ0.85 አባዝተው ያስሉ። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ይበላል፦ በሰዓት 10 ዋት-ሰዓት ቢወስድ በ10 ሰዓት 100 ዋት-ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ስልክና መብራት በዩኤስቢ ወይም በ12 ቮልት መውጫ ያገናኙ፤ ኢንቨርተሩን ያጥፉት።

ሌሊት በራሱ ይጠፋል

ኃይል ቆጣቢው ሁነታ ትንሹን ጭነት «ምንም የለም» ብሎ ቆጥሮት ነው። ከማስተካከያው ውስጥ ያጥፉት። በእንቅልፍ ጊዜ የመተንፈሻ መሣሪያ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ እባክዎ ከጉዞው በፊት አንድ ሙሉ ሌሊት ቤትዎ ይሞክሩት።

መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሳል

ፓወር ስቴሽኑ ወደ ባትሪ የሚሻገርበት ጊዜ ረዝሟል። ለቤት ሲመርጡ የመሻገሪያ ጊዜው 20 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ይፈልጉ።

በፀሐይ ወይም በብርድ አይሞላም

100 ዋት የተባለ የሶላር ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዋት ነው የሚሰጠው፤ ጥግ ላይ ያረፈች ጥላ እንኳ በእጅጉ ትቀንሰዋለች። ሰሌዳዎችን በተከታታይ ሲያገናኙ ቮልቴጁ እንደሚደመር ያስታውሱ፤ ከተፈቀደው ወሰን ካለፈ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። ከ0 ዲግሪ በታች ደግሞ መከላከያው የሊቲየም ባትሪ እንዳይሞላ ያግዳል። ወደ ሞቃት ክፍል አስገብተው ይጠብቁ እንጂ እሳት አጠገብ አያስቀምጡት።

ከወራት በኋላ ሲያወጡት ሞቶ ይገኛል

ባዶውን ተቀምጦ ነው። ከግማሽ በላይ ሞልተው ያስቀምጡት፤ በየ3 ወሩ ይመልከቱት። ለቤት ዘወትር የሚያገለግልዎትን ሲመርጡ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለውን የባትሪ ዓይነት እመክራለሁ፤ ይከብዳል፣ ነገር ግን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ያገለግላል። ያበጠ ወይም የሚሸት ባትሪ ግን መፍትሄ የለውም፤ ከመሰኪያ ይንቀሉት፣ ሽፋኑን አይክፈቱ፣ ለባለሙያ ይስጡት።