ሲንክ ተደርጎም የማይገጥም ቴብል

የመድረሻውን ሰርቨር የዳታቤዝ ቴብል ከምንጩ ሰርቨር ቴብል ጋር የሚያመሳስለው ሲንክ ማድረጊያ መሣሪያ ሥራውን ጨርሶ «ተሳክቷል» ይላችኋል። ቼክሰም (ሁለት መረጃዎች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ከይዘታቸው የሚሰላ ቁጥር) ስታወጡ ግን ሁለቱ ቴብሎች አሁንም አይገጥሙም። እኔ ሦስቴ ደጋግሜ አስኬድኩት። ሦስቴም ያው 41 ረድፍ ይለያያል። አራተኛውን ልጀምር ስል ለራሴ «ተው እንጂ» አልኩት።

መሣሪያውን ለጊዜው ተዉትና ከማይገጥሙት ረድፎች አንዷን ብቻ ያዙ። በፕራይመሪ ኪይዋ (እያንዳንዱን ረድፍ በሚለየው ቁልፍ) ከሁለቱም ሰርቨር አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧት። በዓይን አትመኑ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ከሆናችሁ የጽሑፍ ኮለሞቹን በሄክስ (እያንዳንዱን ፊደል በኮድ ቁጥሩ በሚያሳይ አጻጻፍ) አውጧቸው፤ ስም መጨረሻ ላይ የተደበቀች ባዶ ቦታ 20 ሆና ብቅ ትላለች።

የኔዋ ረድፍ ሁሉ ነገሯ አንድ ነው፤ ከ«የተሻሻለበት ሰዓት» በቀር። መድረሻው ላይ ያለው ሰዓት ሲንኩን ያስኬድኩበት ደቂቃ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መድረሻው ላይ ሁላችንም የረሳነው ትሪገር (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስኬደው ኮድ) አለ፤ ረድፍ በተነካ ቁጥር የአሁኑን ሰዓት ይጽፋል። መሣሪያው ያስተካክላል፣ ትሪገሩ መልሶ ያበላሻል። መሣሪያው የሚነካው የሚለያዩትን ብቻ ስለሆነ ቁጥሩም ከ41 ንቅንቅ አይልም።

የሰዓት ልዩነቱ በሁሉም ረድፍ ላይ እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ልክ 3 ሰዓት፣ ትሪገር ሳይሆን የሰዓት ዞን ነው። ታይምስታምፕ የሚባለው የሰዓት ዓይነት የሚቀመጠው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሆኖ የሚታየው ግን በሴሽኑ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ጋር ባላችሁ ግንኙነት ዞን ነው። ሁለቱንም ሴሽኖች አንድ ዞን ላይ አድርጋችሁ እንደገና አወዳድሩ። ፍሎት ኮለም (የአስርዮሽ ቁጥርን በግምት የሚይዝ) ካለ ደግሞ አጠጋግታችሁ አወዳድሩ። ቴብሉ ፕራይመሪ ኪይም ዩኒክ ኢንዴክስም ከሌለው መሣሪያው የትኛው ረድፍ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል፤ መጀመሪያ ቁልፍ ስጡት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከማስኬዳችሁ በፊት የሚጽፈውን ኤስኪውኤል እንዲያሳያችሁ ብቻ እዘዙትና አንብቡት። «ሪፕሌስ» የሚል ካያችሁ ቁሙ። ሪፕሌስ የነበረውን ረድፍ ሰርዞ ነው አዲስ የሚያስገባው። ሌላ ቴብልን ከዚህኛው የሚያያይዘው ፎሪን ኪይ ካስኬድ ዲሊት ከሆነ ልጆቹም (የተያያዙት ረድፎች) አብረው ይጠፋሉ።

ማይኤስኪውኤል 8.0 ትሪገርን ለጊዜው የማጥፊያ ትዕዛዝ የለውም። በ«ሾው ክሬት ትሪገር» ኮዱን አውጥቼ ፋይል ላይ አስቀመጥኩ። ወደ መድረሻው የሚጽፈውን አፕሊኬሽን አቆምኩ። ትሪገሩን ድሮፕ አድርጌ ሲንኩን አስኬድኩ፣ ከዚያ ትሪገሩን መለስኩት። ቼክሰሙን ሳወጣ አንድም የሚለያይ ረድፍ አልነበረም።