የኪስ ካሜራ ቀንና ሰዓት፣ ጠፉ የሚባሉ ፎቶዎችም፦ ችግርና መፍትሄ

ለጥገና ከሚመጡልኝ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ውስጥ ብዙዎቹ የተሰበረ ነገር የለባቸውም። ባለቤቶቻቸው «ፎቶዎቼን በላብኝ» ብለው ይሰጡኛል፤ ከፍቼ ሳየው ግን ጥፋቱ ያለው በሜኑው ውስጥ ነው። ባትሪው መሞላቱን፣ በካርዱ ጎን ያለችው የመቆለፊያ ምላስም ወደ መዝጊያው አለመንሸራተቷን አስቀድመው አይተዋል ብዬ ልጀምር።

በጥቂቱ የሚያጋጥሙትን ላስቀድም። ሜኑው በማያውቁት ቋንቋ ከሆነ፣ በብዙ የካነን ፓወርሾት ካሜራዎች ላይ ወደ ፎቶ ማያው ገብተው የመሃሉን «ፈንክሽን ሴት» ቁልፍ ሳይለቁ «ሜኑ»ን ሲጫኑ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ይወጣል። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ግን ከጃፓንኛ ሌላ ስለሌላቸው ከመግዛትዎ በፊት ሜኑውን ይክፈቱ። ኤስዲኤችሲ የተባለው የካርድ ዓይነት ከመጣበት ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ካሜራ 2 ጊጋባይት ካርድ እንጂ 32 ጊጋባይት አያነብም። አሸዋ ገብቶበት የቆመ ሌንስ በሜኑ አይድንም።

አሁን በየሳምንቱ ወደማየው ችግር ልግባ።

ምልክቱ በሦስት መልክ ይመጣል። ከካሜራው ጋር በመጣው ሶፍትዌር ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ ፎቶዎች በተገለበጡበት ወር ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፤ ወይም የአንድ ቀን ድግስ ፎቶ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የጠፋ ይመስላል፤ ወይም ደግሞ ካሜራው በተከፈተ ቁጥር ቀንና ሰዓት ሙላ እያለ ያስቸግራል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምክንያት አንድ ነው፤ ካሜራው ላይ የሞላነው የእኛን ዘመንና የእኛን ሰዓት ነው። ካሜራው የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ሲሆን ወር ሲጠይቅ የሚጠይቀው ከ1 እስከ 12 ያለ ቁጥር ነው። ጥር አምስተኛ ወራችን ስለሆነ 5 ብለን ስንሞላለት እሱ ግንቦት ላይ፣ ማለትም በእነሱ ሜይ ላይ ያስቀምጠዋል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነውና ፌብሩዋሪ ይሆናል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን ስለሌለው ጥቅምት 30 የሚባል ቀን በካሜራው ውስጥ ሊኖር አይችልም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ፈጽሞ ቦታ የላትም። በሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 3 ብለን ስንሞላው ካሜራው ሌሊት 9 ሰዓት እንደሆነ ይቆጥራል።

ከሁሉ የከፋው ሰዓቱን ማታ የሞላ ሰው ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥር 16፣ እሑድ ቀን የተነሳ የሰርግ ፎቶ ይዞ የመጣ አንድ የሙሽራው ወንድም አስታውሳለሁ። ካሜራውን ከሁለት ቀን በፊት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 2002፣ ወር 5፣ ቀን 14፣ ሰዓት 1 ብሎ ሞልቶታል። ለካሜራው ሰዓት 1 ማለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለችው ናት፤ ስለዚህ ቀኑ የሚለወጠው እውነተኛው ሰዓት ከምሽቱ 12 ሲሆን ነበር። ሶፍትዌሩ በየቀኑ ፎልደር ስለሚከፍት፣ ሙሽራው ከቤት ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች ሲመርቁና ምሳው ሲበላ የተነሱት ሁሉ 2002_05_15 በሚል ፎልደር፣ የማታው ጭፈራ ደግሞ 2002_05_16 በሚል ፎልደር ገቡ። ወንድምየው ያየው ሁለተኛውን ብቻ ነበርና «የቀኑ ፎቶ ተሰርዟል» ብሎ ተጨንቆ ነበር፤ ደግነቱ ካርዱን ገና ፎርማት አላደረገውም። ሁለቱም ፎልደሮች ትክክለኛ ከሆነው ከጃንዋሪ 24 ቀን 2010 በ2810 ቀንና በ18 ሰዓት ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። ልዩነቱ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ይሠራ፤ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ሥራውን በእጥፍ ያከብደዋል።

ሰዓቱን ከማስተካከልዎ በፊት፣ በተሳሳተው ሰዓት ላይ እንዳለ፣ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ የሞባይል ስክሪን በዚያው ካሜራ ፎቶ ያንሱ። ይህች አንዲት ፎቶ የስህተቱን መጠን በደቂቃ ትነግርዎታለች። አብዛኛው ሰው ይህን ዘልሎ ሰዓቱን ካስተካከለ በኋላ ይመጣና «በስንት እንደተሳሳተ አላውቅም» ይላል፤ ያኔ ከፎቶዎቹ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት ስፈልግ ነው የምውለው።

ቀጥሎ ወደ ቀንና ሰዓት ማስተካከያው ገብተው ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በ24 ሰዓት ይሙሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 09፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 19 ነው። የሰዓት ክልል ሲጠይቅዎ አዲስ አበባን በዝርዝሩ ካላገኙ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። አጠገቡ ያለችውን የፀሐይ ምልክት አይንኩ። ብዙ ሰው «ቀን» ማለት መስሎት ያበራታል፤ እሷ ግን በበጋ ሰዓታቸውን ለሚያስቀድሙ አገሮች የተቀመጠች ስለሆነች አንድ ሰዓት ትጨምርብዎታለች።

የቆዩትን ፎቶዎች ለማረም በነፃ የሚገኙት ዲጂካም ወይም ኤግዚፍቱል የሚባሉ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። ልዩነቱን ይነግሯቸዋል፤ እነሱም በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ቀን በሙሉ በዚያው ልክ ያዛውራሉ። ይህን በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አይሞክሩ።

የማይታረም ግን አለ። «ዴት ስታምፕ» ወይም «ፕሪንት ዴት» የሚባለው ማስተካከያ በርቶ ከነበረ፣ በፎቶው ጥግ ላይ የሚታዩት ቁጥሮች የሥዕሉ አካል ሆነዋል፤ የትኛውም የቀን ማስተካከያ አይነካቸውም። አንድ የግንባታ ተቆጣጣሪ የመሠረት ፌሮ ሥራን ያነሳበትን ካሜራ አምጥቶልኝ ነበር። በየፎቶው ጥግ 2004 ተብሎ ታትሟል፤ ሪፖርቱን የሚቀበለው የውጭ ድርጅት ግን የ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ ከ8 ዓመት በፊት የተነሳ ፎቶ ሊኖረው አይችልም ብሎ መልሶታል። ፎቶውን እንደገና እንዳያነሳ ፌሮው አርማታ ተሞልቶበታል። እባክዎ ይህን ማስተካከያ ያጥፉት፤ ቀኑ በፋይሉ ውስጥ ስላለ፣ ሲያሳትሙ እንዲወጣ ማዘዝ ይቻላል።

ሦስተኛው መልክ፣ ቀኑን በየጊዜው መርሳቱ፣ ከውስጠኛዋ የሰዓት ባትሪ ነው። በአንዳንድ የፓወርሾት ኤ ካሜራዎች ላይ ሲአር 1220 የምትባል የሳንቲም ባትሪ በዋናው ባትሪ ቤት ውስጥ ስላለች በቀላሉ ትለወጣለች። በሌሎቹ ግን ከዋናው ባትሪ በ4 ሰዓት ገደማ የምትሞላና ለ3 ሳምንት ያህል ሰዓት የምትይዝ ትንሽ ባትሪ ከቦርዱ ጋር ተበይዳለች፤ ስታረጅ አትይዝም። ያኔ ዋናውን ባትሪ አውጥቶ አለማስቀመጥ፣ ከተሞላም ወዲያው መመለስ ነው። ካሜራውን በካቻቪቴ ለመክፈት አይሞክሩ፤ የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ባትሪው ከወጣም በኋላ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ርካሽ ተመሳሳይ ባትሪ ገዝተው በውስጡ አብጦ የተቀረቀረባቸውን ካሜራዎች ብዙ አይቻለሁ፤ ዋጋው ስላነሰ ብቻ አይግዙት።

ስለ ሶፍትዌሩ የማስጠነቅቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ከተገለበጠ በኋላ ከካሜራው ሰርዝ» የሚለውን ምርጫ አያብሩት፤ መብራት በመሃል ቢጠፋ የተገለበጠውና ያልተገለበጠው አይለይም። ሁለተኛ፣ የፋይል ቁጥሩን «ቀጣይ» በሚለው ላይ ይተዉት። ካርድ በተለወጠ ቁጥር ከ0001 እንዲጀምር ከተደረገ፣ አዲሱን ፎቶ በእጅ ወደ አሮጌው ፎልደር ሲገለብጡ ስሙ አንድ ስለሚሆን ኮምፒውተሩ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ እሺ ማለት የልጅን የመጀመሪያ ልደት በሁለተኛው ማጥፋት ነው።

የሶፍትዌሩ ሲዲ ጠፍቶብዎ ወይም አዲሱ ኮምፒውተር አልጭን ብሎዎ ከሆነ አይድከሙበት። ካርዱን በካርድ ሪደር ሰክተው ዲሲአይኤም የሚለውን ፎልደር እንዳለ ይገልብጡት፤ ፎቶዎቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። በስህተት ፎርማት ያደረጉት ካርድ ከሆነ አንድም ፎቶ ሳይጨምሩበት አውጡትና ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት፤ የሚያገኘውንም በዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡ።