ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጭልም ይላል? እንዲህ ተነሱ

ተኝተን ሳለ ልብ፣ ጭንቅላትና እግር እኩል ደረጃ ላይ ስለሆኑ ደም ሽቅብ መውጣት አይጠበቅበትም። ስንቆም ግን የመሬት ስበት ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ያወርደዋል። ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፣ ግፊትም ይወርዳል። ይህን ጊዜ አንገት ውስጥና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ያሉ ነርቮች መውረዱን ወዲያው ያውቁና ልብ እንዲፈጥን፣ ደም ሥሮችም እንዲጠቡ ያደርጋሉ። ይሄ ሥራ ከዘገየ ነው ዓይን ጭልም የሚለው።

ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ገና እንደተኛችሁ እግራችሁን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ከዚያ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱና አንድ ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ስትቆሙ የምትይዙት ነገር አጠገባችሁ ይኑር። በተለይ ጠዋት፣ ከሙቅ ሻወር በኋላና በደንብ ከበላችሁ በኋላ አትቸኩሉ።

ባታችሁን አትናቁት። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ደም መልሶቹን ጨምቆ ደሙን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ውስጣቸው ያሉት ቫልቮች ደግሞ ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል፤ ዝም ብሎ መቆም ከመራመድ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ቆማችሁ መጠበቅ ግድ ከሆነ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ማዞር ከጀመራችሁ እግራችሁን አጣምራችሁ ጭንና መቀመጫችሁን ጠበቅ አድርጉ። ካልተሻላችሁ በቃ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትሉ ጋደም በሉ።

ራሱን የሳተ ሰው ስታዩ ደግሞ እባካችሁ ደግፋችሁ አታቁሙት! በጀርባው አስተኙት፣ መተንፈሱን እዩ፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ቶሎ ካልነቃ ወይም በደንብ ካልተነፈሰ አስቸኳይ እርዳታ ጥሩ።

ነገሩ የሚደጋገም ከሆነ በግምት አትሂዱ፣ ለኩ። 5 ደቂቃ ተኝታችሁ ግፊታችሁን ለኩና ጻፉት፤ ከዚያ ቆማችሁ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይደገፍ፣ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የግፊት፣ ሽንት የሚያበዛ ወይም የፕሮስቴት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ንገሩት፣ እነዚህ ስትቆሙ ግፊት ሊያወርዱ ይችላሉ። ብቻ በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ።