ተመልካቹ በሚመርጥበት ፊልም ላይ ሳውንድ ስትሰሩ እነዚህን አታርጉ

እዚ ኮዬ ፈጬ በኩል ኢንተራክቲቭ ፊልም (ተመልካቹ ስክሪን ነክቶ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚመርጥበት) የምንሞካክር ልጆች አለን፣ ካሜራው ስልክ፣ ሎኬሽኑ ኮንዶሚኒየም፣ አክተሩ ጎረቤት። ምስሉስ እንደምንም ይወጣል፣ ሳውንዱ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው እንደ ተራ ፊልም ከላይ እስከ ታች በአንድ ታይምላይን ሰርቶ ይጨርሰዋል። እዚ ግን ተመልካቹ መቼ ስክሪኑን እንደሚነካ አታውቁም።

አንደኛው ስህተት ምርጫው ሲመጣ ሳውንዱን ቀጥ ማድረግ። በ1967 እ.ኤ.አ ሞንትሪያል ኤክስፖ ላይ ቼኮች ኪኖአውቶማት የሚባለውን ተመልካች የሚመርጥበት ፊልም ሲያሳዩ ፊልሙ ይቆምና አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ህዝቡን ይጠይቅ ነበር፣ ሰዉ በቀይና አረንጓዴ በተን ይመርጣል። እዛ መቆሙ ችግር አልነበረውም፣ ዝምታውን የሚሞላ ሰው ነበራ። የኔትፍሊክሱ ኢንተራክቲቭ ፊልም ባንደርስናች ላይ (2018 እ.ኤ.አ) ግን ለመምረጥ 10 ሰከንድ ይሰጥ ነበር፣ ትእይንቱም እየቀጠለ። እናንተም ልጅቷ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ቆማ “ልግባ ወይስ ልመለስ” ስትል ከሩቅ የሚሰማው ጄኔሬተር፣ ውሻው፣ የቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ መቀጠል አለበት፣ ድንገት ጭጭ ካለ ሰዉ ስልኩ የተበላሸ ነው የሚመስለው።

ግን ደሞ ቀጠለ ብላችሁ 15 ሰከንድ ቆርጣችሁ ሉፕ አታርጉት፣ ማለትም ያቺኑ እየደጋገማችሁ አታዙሯት። እኛ ሰፈር ሌሊት ሪከርድ ያረገ ያውቀዋል፣ ጅብ ይጮሃል፣ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ይከተለዋል፣ ቆንጆ ሳውንድ ነው። ያቺን ጅብ ሉፕ ውስጥ ከተዋችኋት ግን ተመልካቹ ምርጫውን ትቶ “አሁን ደሞ ልትጮህ ነው” እያለ ይጠብቃታል። ምንም ጎላ ያለ ነገር የሌለበት አንድ ሁለት ደቂቃ አምቢየንስ (የአካባቢው የጀርባ ድምፅ) ለብቻው ይሂድ፣ ጅቡና ውሻው ደሞ በተለያየ ፋይል ሆነው በዘፈቀደ ይምጡ። ፋይሉን ኤምፒ3 አታርጉት፣ ፋይሉን የሚጨምቀው ኢንኮደር ጫፉ ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምር ሉፑ በዞረ ቁጥር ክፍተት ትሰማላችሁ፣ ዌቭ ወይ ኦግ የሚባሉትን የድምፅ ፋይል አይነቶች ተጠቀሙ።

ትልቁ ስህተት ግን ለኔ ሁሉንም ነገር ቪዲዮው ውስጥ መጋገር ነው። ሙዚቃው፣ አምቢየንሱ፣ ንግግሩ አንድ ላይ ኤክስፖርት ተደርጎ ተመልካቹ ሲነካ ክሊፑ ይቆረጣል፣ ከሱ ጋር የሙዚቃው ሀረግ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፣ የደረጃው ማስተጋባት ጭራው ይቆረጣል። ንግግርና የእግር ኮቴ ከክሊፑ ጋር ይሂድ፣ አምቢየንስና ሙዚቃ ግን ለብቻቸው ይፍሰሱ፣ ኤፍሞድና ዋይዝ የሚባሉት የጌም ሳውንድ ሶፍትዌሮች የተሰሩት ለዚ ነው። ሙዚቃው ደሞ በነኩት ቅፅበት ሳይሆን ባሩ (አንድ ዙር ምት) ሲያልቅ ይቀየር፣ 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) በ4/4 (በአንድ ባር አራት ምት) ከሆነ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነው፣ ያ ረዘመ ካላችሁ ምቱ ላይ ቀይሩት፣ ግማሽ ሰከንድ። አንዱን የታሪክ መንገድ በትዝታ ሌላውን በአንቺሆዬ ቅኝት ሰርታችሁ ክሮስፌድ ብታረጉ (አንዱን እየቀነሳችሁ ሌላውን ብታስገቡ) ግን ሁለቱ ሲደራረቡ ጆሮ ያማል፣ መሀል ላይ ከበሮ ብቻ አስገቡና በሱ ላይ ተሻገሩ።

ሌላው፣ ጣቱ አንዱ ምርጫ ላይ ሲያርፍ የሚያስፈራ ድምፅ መልቀቅ። መልሱን ነገራችሁት እኮ! ልትዋሹት አስባችሁ ከሆነ ብቻ አርጉት፣ እሱ ደስ ይላል።

ሌቭልስ (የድምፁ ከፍታ)? እያንዳንዱን መንገድ በተለያየ ቀን ሚክስ ስታረጉ አንዱ ይጮሃል አንዱ ያንሾካሹካል። ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በላይ የጮኸውን ዝቅ ያረገዋል፣ ኔትፍሊክስ በንግግሩ ተለክቶ -27 ነው የሚፈልገው፣ የትኛውንም ያዙ ብቻ ሁሉም መንገድ ላይ እኩል ይሁን። ሰው የሚረሳው ደሞ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ትእይንት ነው፣ ከጩኸት የመጣው ተመልካችና ከሹክሹክታ የመጣው ተመልካች ያንኑ ትእይንት እኩል አይሰሙትም፣ ስለዚ መግቢያው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ምንም ንግግር አታስገቡ፣ ጆሮው ይረፍ።

ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ እየዘነበ ንግግር አትቅረፁ፣ ከምስሉ ጋር ያምራል ትላላችሁ ግን ቆርቆሮው “ሰ” እና “ፈ” ይበላል፣ በኋላም ከንግግሩ አታላቅቁትም። ንግግሩን ደረቅ ቅረፁ፣ ዝናቡን ለብቻ፣ ከዛ ልኩን እናንተ ትወስናላችሁ። ሚክሱንም በሄድፎን ብቻ አትጨርሱ፣ ሰዉ የሚያየው በስልክ ነው፣ የስልክ ስፒከር ደሞ ያን ወፍራም ቤዝ ጨርሶ አያወጣውም።

በመጨረሻ ቴስቱ። ሁሉም የሚወደውን መንገድ ብቻ አይቶ “አለቀ” ይላል። ሁለት ሁለት ምርጫ ያለው 5 ቦታ ካለ፣ መንገዶቹ ካልተገናኙ፣ 32 መንገድ ነው፣ ሁሉም ባይሆን እንኳ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ስሙ። ለታናሽ ወንድማችሁ ስጡትና ምንም ሳትነግሩት ቁጭ ብላችሁ እዩት። ምርጫው ብቅ ከማለቱ የሚነካ አለ፣ ሙዚቃው ገና ሳይጀምር ይገደላል፣ ስለዚ ቢያንስ አንድ ሀረግ ሳይጫወት እንዳይቀየር አርጉ። ጭራሽ የማይነካም አለ፣ ሻይ ሊያመጣ ተነስቶ ሄዷል፣ ጊዜው አልቆ ፊልሙ ራሱ ሲመርጥም የሚሰማ ሳውንድ አዘጋጁ።