የእንግሊዝኛ ቃል ዘር እንዴት ይቆጠራል?

ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፤ ዘመን፣ ቅርፅ፣ ፍቺ፣ ያቀበለው ቋንቋ። ተራው መዝገበ ቃላት የዛሬውን ፍቺ ብቻ ስለሚሰጥ አይበቃም። ቃሉ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዘመን የሚናገር ታሪካዊ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል፤ በስልክ በነፃ የሚከፈቱ አሉ።

“አልኮሆል”ን እንይ። በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ደቃቅ ዱቄት ማለት ነበር እንጂ መጠጥ አልነበረም። ከፊቱ ያለውን “አል” አንሡለት፤ እሱ “ቤቱ” (የታወቀው ቤት) ስንል “ኡ” የሚሠራውን ሥራ በዐረብኛ የሚሠራ ነው። የሚቀረው “ኩሕል”፣ ማለትም እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት ኩል ነው። ቀማሚዎች መጀመሪያ የላመውን ዱቄት፣ ኋላ ደግሞ ተጣርቶ የወጣውን ምርጥ ነገር ሁሉ በዚሁ ስም ጠሩት። “የወይን አልኮሆል” ተባለ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን “የወይን” የሚለው ቀርቶ የሚያሰክረው ነገር ብቻውን ስሙን ወረሰ። ዝምድናው የሚታመነው እንዲህ እያንዳንዱ የፍቺ እርምጃ ሲታይ ነው። (የደብረ ብርሃን አረቄም ዘሩ ዐረብኛ ነው፤ “ዐረቅ” ላብ ማለት ሲሆን፣ ከማጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለውን ላየ ሰው አይገርምም።)

ቀጥሎ መንገዱን ተከተሉ። “ካሜል” ሸዋ ሮቢት በኩል ጭነት ተሸክሞ የምናየው ግመል ራሱ ነው። ሴማዊውን ቃል ግሪክ ሲቀበለው “ገ” ወደ “ከ” ዞረ፤ ከዚያ በላቲን በኩል እንግሊዝኛ ደረሰ። “ኪዩሚን”ም ያው ከሙን ነው። “ማጋዚን” ከዐረብኛ በጣሊያንና በፈረንሳይ ዞሮ ሲገባ መጋዘን ማለት ነበር፤ በ1731 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የወጣ ወርኃዊ ኅትመት የጽሑፍ መጋዘን ነኝ ብሎ ስሙን ወሰደው፤ የመጽሔት ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፅ ሲመሳሰልለት ነው። “ላምብ” የበግ ግልገል ነው፤ ከኛ ላም ጋር ግን ምንም አይዛመድም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በጀርመንኛና በደች ዘመዶቹ ሞልተዋል፣ በሴማውያን ቋንቋዎች ግን የሉም። “ኒውስ” (ዜና) ከአራቱ አቅጣጫዎች የመጀመሪያ ፊደላት ተሠራ የሚባለውም ተረት ነው፤ “አዳዲስ ነገሮች” ማለት ብቻ ነው። ከ20ኛው መቶ ዘመን በፊት የነበረ ቃል ከምሕጻር መጣ ከተባላችሁ በቀላሉ አትመኑ።

የቃል ድንበርም ይፈርሳል። ሽርጥን “ኤ ናፕረን” ይሉት ነበር፤ “ነ”ው ወደ ፊተኛው ተጠግቶ “አን ኤፕረን” ሆነ። ስለዚህ ቃሉ አልገኝ ሲል ከፊቱ “ነ” ጨምራችሁ ፈልጉ።

መልመጃ የሚሆነው የመንዝ ጓሳው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ዘመን፦ 1835 እ.ኤ.አ.፤ ቅርፅ፦ “ገላዳ”፣ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በሳይንሳዊ ስሙ እንደጻፈው፤ ፍቺ፦ ያው እንስሳ፤ ያቀበለው ቋንቋ፦ አማርኛ።